ከ«አሜን» በፊት

ሀዋሳ፣ ኅዳር 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ዋሲሁን፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ሠላሳ አንድ ዓመት ኦፕራሲዮን ክፍል ቆሞ የከረመ ነውና አልፈርድበትም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥር ቀን አልፎታል፤ ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። የስልኩ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ወረቀት ተመልሶ ፖስታ ቤቱ ሰልፍ ይዟል። የዘገየሁት ግን በሰልፍ አይደለም። እስክሪብቶ አንሥቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። እንዳልደውል ደግሞ ድምፅህን እየሰማሁ ይህን መናገር አልችልም።

የመመረቂያ ሥራህን ካሳየህበት አዳራሽ ለምን ሳልሰናበትህ እንደወጣሁ ጠይቀኸኛል። ልጄ፣ ፊልሙን የጀመርከው ካሜራው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ አልነበረም። ቀደም ብለህ ነው። መጋረጃው ላይ የታየው ታካሚ የምንሸፍንበት አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ሰው ምንድን ነው ብሎ ጸጥ ሲል የዶክተር አልአዛር ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት እንደ ልማዱ ሲጸልይ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ልጅህ ናዲያ ሙክታር በፊትህ ተኝታለች። የግራ የእንቁላል እጢዋን ልናወጣ ነውና እጃችንን ምራ።» ከዚያ የሁላችን «አሜን» ተሰማ። የኔም ድምፅ አለበት፤ ከዚያ አዳራሽ ሁሉ ቀድሜ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ሰሚው ሐኪም ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ። ዶክተር ሥራህን አይተው ክሊኒኩን ያግዙ ይሆናል ብሎ የሀዋሳውን የአዲስ ከተማ ሰፈር ነጋዴ ግማሹን ጠርቶ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የናዲያ እጮኛ አጎት ተቀምጧል። በሀዋሳ ናዲያ ሙክታር የምትባል፣ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ የያዘች ስንት ሴት አለች? አንዲት ናት።

አንተ ወዲያው ወደፊት አሳለፍከውና ማብራራት ቀጠልክ። ኮምፒዩተሩ መቆንጠጫውን በሰማያዊ፣ ማኅፀኑን በቢጫ እየከበበ የሄደበት ሁሉ ሲከተለው ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ኬኩንም ሳልቀምስ ወጣሁ፤ አንተ ደግሞ እኔን ኬክ ጥዬ ስወጣ አይተህ አታውቅም።

በደብዳቤህ ጫፍ ላይ በትንሽ ጽሕፈት «የሰማ ሰው ይኖር ይሆን?» ብለሃል። አለ። ስለ ልጅቷ ግን ለጊዜው አትጠይቀኝ። ደህና ናት፤ ሱቋንም ትከፍታለች።

አክስትህ ብርቅዬ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 21 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅዬ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎት? ከዚህ በላይ ሰላምታ ለመደርደር ፊት የለኝም።

ለምን እንደወጡ የጠየቅኩዎት ጠፍቶኝ አይደለም። መድረኩ ላይ ቆሜ እኔም ሰምቻለሁ። እርስዎ «ማንም ልብ አላለውም፣ አይዞህ» እንዲሉኝ ፈልጌ ነው የጻፍኩት። ያሳደጉኝን ሰው ውሸት ለምኜ መጻፌ ከዋናው ጥፋት ባልተናነሰ አሳፍሮኛል።

ድምፁን ለምን አላጠፋኸውም ቢሉኝ፣ መልሱ ይኸው። ስሟን ከፋይሉ ላይ አንሥቼ ቁጥር አሥራ ሰባት ብያታለሁ። የካርድ ቁጥሯን ፍቄያለሁ። ፊቷ የሚታይበትን እርስዎ ቆርጠው እንዲልኩልኝ አድርጌያለሁ። የተጠነቀቅኩት ሁሉ ለዓይን ነው። ድምፁን ራሴ ነኝ ያመጣሁት፤ ዶክተር «መቀስ»፣ «መቆንጠጫ» ሲሉ የትኛው መሣሪያ እንደገባ ለማወቅ ይረዳኛል ብዬ ግድግዳው ላይ መቅጃ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ምስሉና ድምፁ ለየብቻ ስለሚቀዱ ማገጣጠሚያ ምልክት ያስፈልገኝ ነበር። ምልክቴ «አሜን» ነበር። ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ትሉታላችሁ፤ ወዲያው እርስዎ ካሜራውን ከጨርቁ ላይ ሲያነሡት ምስሉ ይናጣል። ሁለቱን አገጥምና ሥራዬን እጀምራለሁ። አርባ አንዱንም ፊልም የገጣጠምኩት እንዲህ ነው።

የናዲያን ጸሎት ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስሟን እሰማ ነበር፤ ዶክተር ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብዬ ዓይኔ እንባ ያቀረረበት ቀንም ነበር። ከወር በኋላ ግን ስም መሆኑ ቀረብኝ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ለመድኩት። ከ«አሜን» በፊት የሚመጣ ድምፅ ነበር፣ በቃ። ያን ዕለት ስቸኩል እጄ ከለመደው ቦታ ከፈተው።

ኮምፒዩተሩ እንዲማርባቸው እርስዎ ጉልበትዎን እያሻሹ በማውስ የከበቧቸው ሁለት ሺህ ምስሎች ለዚህ አልነበሩም። የሐኪሙ መቀስ የሽንት ቱቦ ሲጠጋ ኮምፒዩተሩ እንዲያስጠነቅቅ ነበር። ሰው እንዳይጎዳ ብለን ነበር የተነሣነው።

ለናዲያ የጻፍኩትን ይቅርታ አብሬ ልኬዋለሁ፤ እባክዎን ይስጡልኝ። ይዤው ልምጣ ብዬ አውቶብስ ተራ ድረስ ሄጄ ነበር። ተመለስኩ።

ስለ እሷ አትጠይቀኝ ብለዋል፤ አልጠይቅም። ግን እኛ ቤት ሰው ሞቶም መርዶ እስኪነገር «ደህና ነው» እንደሚባል አልዘነጋሁም።

ዋሲሁን


ሀዋሳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ዋሲሁን፣

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዘንድሮ ከፍቷል።

ሰጠኋት። ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር። ለክታ፣ ቆርጣ፣ ጠቅልላ ከሸኘች በኋላ ቆማ አነበበችው። አራት አድርጋ አጠፈችውና «ደርሷል በይልኝ» አለችኝ። እኔም ቆሜ መጠበቅ አፍሬ ሻሽ ገዝቼ ወጣሁ።

መዋሸቴን ስለነቃህብኝ እንግዲህ ልንገርህ። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ነገሩን አፍርሰውታል። ኒካሑ ለጥር ታስቦ ነበር፤ ቀርቷል። እናትየዋ «ልጄን ለመሃን አልድርም» ብላለች አሉ። ወሬው ከአዳራሹ ሲወጣ አንድ የግራ እጢ ነበር። አዲስ ከተማ ሲደርስ ማኅፀኗ ሆነ፤ ምሥራቅ ሰፈር ሲደርስ ካንሰር ሆነ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። ይኼ ወሬ መላ የሚጨምርበት ሰው አላገኘም። የወጣው ዕባጭ ያለበት ግራው ብቻ መሆኑን፣ ቀኙ ጤነኛ መሆኑን፣ ልጅ መውለድ እንደምትችል እኔ በዓይኔ ያየሁት አውቃለሁ። ላገኘሁት ሁሉ ልናገር ሞከርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር ግን ያልሰማውም እየሰማ መሆኑ ገባኝና አፌን ያዝኩ።

ፈቃድ ፈርማ የለም ወይ ትል ይሆናል። ፈርማለች። እንዴት እንደፈረመች ልንገርህና አንተም ፍረድ። ቃሬዛ ላይ ተኝታለች፣ ግሉኮሱ እጇ ላይ ተሰክቷል፣ ሌላ ሁለት ታካሚ በር ላይ ይጠብቃል። «ይቺንም ፈርሚ፣ ለትምህርት ነው» አልኳት። የማን ትምህርት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እኔም አላብራራሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይኸው እየለቀምኩ ነው። ጥፋቱን ብቻህን አትሸከመው።

ዶክተር አልአዛር አሁን ሲጸልይ ስም መጥራት ትቷል። «አንተ ታውቃታለህ» ብሎ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ማናችንም ቀና አንልም።

አክስትህ ብርቅዬ


አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው።

ያሰብኩትን ሰሞኑን በስልክ በቁንጽል ስነግርዎት ሌላ ጥፋት እንዳይሆን ሰግተው ነበር። ስለዚህ በደንብ ላስረዳዎት። ስለ ናዲያ የሚወራውን ውሸት የሚያፈርስ ማስረጃ እጃችን ላይ አለ። ፕሮግራሜ የቀኝ የእንቁላል እጢዋን ያውቀዋል። ከአርባ አንዱ ፊልም እጢ ጥርት ብሎ የታየው በእሷ ላይ ብቻ ነው። ከፊልሙ ሁለት ደቂቃ ቆርጬ በዚህ ፍላሽ ላይ ልኬያለሁ። ቀኙ በአረንጓዴ ተከብቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታያል። ስም የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ቁጥር እንኳ የለውም። ጥፋት ያደረገው ስሙ ነበር፤ ይህ ምስል ብቻ ነው።

ለልጁ እናት ያሳዩልኝ። እርስዎ በዕድሜም በሙያም የሚከበሩ ነዎት፤ ሴት ለሴት ትሰማዎታለች። ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን የሰበርኩትን እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለናዲያ አሁን ባይነግሯት እመርጣለሁ። ካልተሳካ ሁለተኛ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው።

ዋሲሁን


ሀዋሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ዋስዬ፣

ጌታ ይባረክ፣ ደስ ይበልህ! ሄጄ ነበር ወይ ብትለኝ፣ ሄጃለሁ፤ ተሳክቷልም።

ምሥራቅ ድረስ ያንን ጡብ የሚያህል ላፕቶፕህን ታቅፌ በባጃጅ ሄድኩ። የልጁ እናት ቀላል ሴት እንዳትመስልህ። መጀመሪያ ሻይ አቀረበች፣ ቀጥላ የመጣሁበትን ስነግራት ሻዩን ልታነሣብኝ ምንም አልቀራት። ግን ማየት አጓጓት፤ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። አረንጓዴው ምንድን ነው ስትለኝ፣ ልጅ የሚያመጣው እሱ ነው አልኳት። የናዲያ አንጀት መጥቶ ሲጋርደው ክቡ ይጠፋል፤ አንጀቱ ገለል ሲል ፕሮግራምህ መልሶ ከች ይልበታል። «ወይ ጉድ፣ ይኼስ ዓይን አለው» አለች። ኩራት ተሰማኝ፤ ያን ክብ አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኛ።

መጀመሪያ ላይ አላመነችም ነበር። በኋላ አመነች። እንዴት እንዳመነች ስትመጣ አጫውትሃለሁ። ዋናው ነገር እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ወደ ሙክታር ቤት ይሄዳሉ።

ለናዲያ እንዳልከኝ አልነገርኳትም።

አክስትህ ብርቅዬ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅዬ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከጥቅምት ወዲህ ዛሬ ገና ምሳዬን ጨረስኩ።

ሥራህ የት ደረሰ ቢሉኝ፣ ፕሮግራሙ አሁን ካሳየሁት መቶ ምስል ዘጠና አንዱን በትክክል ይለያል። የመሣሪያው ጭስ ሲሸፍነውና እርጥቡ አካል ላይ መብራቱ ሲያብረቀርቅ አሁንም ይሳሳታል። የመመረቂያ ጽሑፌን በሰኔ እንዳቀርብ መምህሬ ቀን ይዘውልኛል።

ኒካሑ ለመቼ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ሰው ሲደሰት መቼም ቀን ይጽፋል። ወይስ ገና አልተቆረጠም? እናትየዋ በምን እንዳመነችም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ስመጣ ድረስ አያቆዩኝ። ናዲያ በልቧ ይቅር ካለችኝ ለፋሲካ እመጣለሁ።

ዋሲሁን


ሀዋሳ፣ መጋቢት 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ዋሲሁን፣

ወር ሙሉ ዝም ስላልኩህ ይቅር በለኝ። ለፋሲካ አትምጣ።

በምን እንዳመነች ጠይቀኸኛልና ልናዘዝ። ፊልሙን አይታ ስትጨርስ «ይኼ ሆድ የማንም ሊሆን ይችላል፤ የእሷ ለመሆኑ ምን ምስክር አለሽ?» አለችኝ። እኔ ነኝ ምስክሩ ብላት ትስቃለች። አንተ ስሙንም ድምፁንም አጥፍተህ ልከኸዋል፤ ምን ላሳያት? እንድሠራበት የሰጠኸኝ ሙሉው ፊልም ላፕቶፑ ላይ ነበር። ከፈትኩት። ጸሎቱን አሰማኋት። አዳራሹ ውስጥ አንተ ሳታስብ ያደረግከውን እኔ ሰው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በገዛ ጣቴ ተጭኜ አደረግኩት። በደስታ ደብዳቤዬ ላይ ይህን መዝለሌን ልብ ብለኸው ይሆናል። እያወቅኩ ነው የዘለልኩት።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሄዱ፤ አባቷ በደስታ ተቀበላቸው። በሳምንቱ እናትየዋ ራሷ ሱቅ መጥታ ናዲያን አቅፋ ሳመቻት። ደግ የተናገረች መስሏት «ቀኝሽን በዓይኔ አየሁት ልጄ፣ እንደ ወይን ፍሬ ጤነኛ ነው» አለቻት። ናዲያ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇ ላይ የነበረውን ሜትር አስቀመጠች አሉ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ የክሊኒኩ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ወደ ውስጥ እንግባ ብላት እምቢ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሲስተር፣ እኔ ለልጁ ከሽማግሌ በፊት ነግሬዋለሁ» አለችኝ። «ግራዬ እንደወጣ፣ ቀኜ እንዳለ፣ ሐኪሙ ያለኝን አንድ በአንድ። ግድ የለኝም ብሎኝ ነበር። እናቱ ስትመልሰን ግን አፉን አልከፈተም። አሁን ፊልም አይተው መጡ። ቃሌ ያልበቃውን ሰው ሆዴን አሳይቼ አላገባውም።»

እኔ ይቅርታ ማለት ስጀምር አስቆመችኝ። አንተ በሐሳቡ እንዳለህበት ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። መዋሸት ቀሎኝ ነበር፤ በቃኝ።

«የመጀመሪያውን ሳያውቅ ነው ብዬ ትቼለት ነበር» አለች። «ይኼኛውን ግን አስቦበታል። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አሁንም ይጠይቀኛል። ፈቃድ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

ሽማግሌዎቹን አባቷ እያለቀሰ መለሳቸው። እኔ ሁለት እሑድ ጸሎት ቤት አልሄድኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ሰው ራቁቱን አምኖ እጄ ላይ ተኝቷል፤ አንድም ቀን ያፈርኩበት አልነበረም። አሁን ግን በአዲስ ከተማ ሳልፍ የእሷን መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው።

አክስትህ ብርቅዬ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅዬ፣

ሐሳቡ የኔ ነው። እርስዎ ፈርተው ነበር፤ የገፋሁዎት እኔ ነኝ። ለናዲያ እንዳይነግሯት ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነበር የጻፍኩልዎት። እውነቱ ሌላ ነው። ብትጠየቅ እምቢ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነው። እምቢ ካለች ደግሞ የሠራሁት ሁሉ እንደተበላሸ ይቀራል፤ ያን መሸከም አልቻልኩም። ለራሴ መድኃኒት ፈልጌ በእሷ ገላ ሞከርኩት።

ከዚህ በታች ያለውን፣ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ ይስጧት። ፖስታውን አላሸግኩትም፤ እርስዎም ያንብቡት።

«ለወይዘሪት ናዲያ ሙክታር፣

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የተደረገልዎት ቀዶ ጥገና ፊልም ኀምሳ ሁለት ደቂቃ ነው። ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሲስተር ብርቅዬ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ትምህርት ቤቴ ኮምፒዩተር ውስጥ። ከእሱ የተቆረጠ ሁለት ደቂቃም ሲስተር ጋ ፍላሽ ላይ አለ። ሙሉውን ያየነው እኔ፣ ሲስተርና መምህሬ ነን። አዳራሽ የነበሩት ስምዎንና ሕመምዎን ሰምተዋል፤ ከፊልሙም የተወሰነውን አይተዋል። የእጮኛዎ እናት ሁለት ደቂቃውን አይተዋል፣ ጸሎቱንም ሰምተዋል። ከዚህ ውጪ ያየ ሰው መኖሩን አላውቅም።

ፊልሙን የምጠቀምበት ኮምፒዩተር የሰው የሆድ ዕቃንና የቀዶ ጥገና መሣሪያን ለይቶ እንዲከተል ለማስተማር ነው። የእንቁላል እጢን የተማረው ከእርስዎ ብቻ ነው። ፊልሙ ከጠፋ ያን አያውቅም፤ የኔም ምረቃ ይዘገያል። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ነገሩን ሳያውቁ እንዳይወስኑ ነው። ፊልሙን ማየት ቢፈልጉ መብትዎ ነው። ቃሬዛ ላይ ሆነው የፈረሙትን ወረቀት እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም።

ይቆይ ወይስ ይጥፋ? የሚሉትን እፈጽማለሁ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም።

ዋሲሁን ማቴዎስ»

እትዬ፣ ይቅርታ የሚል ቃል ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ሰርዣለሁ።

ዋሲሁን


ሀዋሳ፣ ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ዋሲሁን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ወረቀትህን እንዴት እንደሰጠኋት ልንገርህ፤ መንገዴን መዞር ትቼ ፊት ለፊት ሄድኩ። ልስጥሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ ነይ አለችኝ። ነገ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ተቀበለችኝ።

ሳትወስን ማየት ፈለገች። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ዘግታ ክሊኒክ መጣች፤ ትንሿን ክፍል ከውስጥ ቆለፍን። እኔ ከአሜን በኋላ ልጀምርላት ነበር። ከመጀመሪያው ነው የምፈልገው አለች። ጸሎቱን አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ካበቃ በኋላ «ተኝቼ እያለሁ እንዲህ ብላችሁልኛል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቀጥዪ አለች።

ቀለሞቹን አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ማኅፀኗን፣ አንጀቷን፣ የሽንት ቱቦዋን። ሁሉም ከፍ ዝቅ ሲሉ ምን እያንቀሳቀሳቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ትንፋሽሽ ነው አልኳት። ግራውን ስናወጣ ፊቷን አዞረች። ቀኙ ጋ ስንደርስ አቁሚው አለችኝ። ስንት ደቂቃ እንዳየችው አልቆጠርኩም። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ግን አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ለመያዝ አልደፈርኩም።

«ይጥፋ» አለች።

እሺ አልኳት። ልትወጣ እጀታውን ይዛ ዞር አለችና የሌሎቹ የአርባዎቹ ሰዎች ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እነሱም እንደ እሷ ቃሬዛ ላይ የፈረሙ ናቸው።

የኔን ቅጂና ፍላሹን በዚያው ዕለት፣ እሷ እያየች አጥፍቻለሁ። አሁን ካርድ እያወጣሁ አርባዎቹን በየቤታቸው መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ትናንት ቡሹሎ ሄጄ ነበር፤ ሐሞት ከረጢቱን ያወጣንለት ገበሬ አለ። ነገሩን ሳስረዳው ሳቀብኝ፤ «ሐሞቴን ለፈለገው አሳዩ፣ ስሜን ብቻ ለቀበሌ አትስጡ» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ በሩን ዘጋችብኝ። ያንተን ሥራ ላፈርስብህ አይደለም። ግን መጠየቅ ያለበት ይጠየቃል፣ እኔ ጉልበቴ እስከቻለ።

አክስትህ ብርቅዬ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅዬ፣

ሁለቱን ቅጂ አጥፍቻለሁ። የትምህርት ቤቱን ለማጥፋት የመምህሬ ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበር ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ከዚያ ስለ አርባዎቹ ጠየቁኝ፤ እርስዎ በየቤቱ እየዞሩ እንደሆነ ስነግራቸው የምረቃ ቀኔን ራሳቸው ሰረዙት። ሁሉም እስኪጠየቁ አትቀርብም አሉኝ። ትክክል ናቸው። ፕሮግራሙን ያለ ናዲያ ፊልም እንደ አዲስ አስተማርኩት፤ እጢውን አሁን አንጀት ይለዋል።

ያዘኑልኝ ይመስል ነበር የመጨረሻው ደብዳቤዎ። አይዘኑልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። እስካሁን ለናዲያ ያልኩትን ሁሉ ያልኩት በእርስዎ እጅ ነው። ፊቷን አይቼ አላውቅም፤ እሷም የኔን አታውቅም። የሆዷን ዕቃ አንድ በአንድ አውቄ ፊቷን አለማወቄን ሳስበው የምገባበት ይጠፋኛል። መጥቼ ሱቋ በር ላይ ቆሜ፣ ያደረግኩትን በራሴ አፍ ልነግራት እፈልጋለሁ። መልስ እንድትሰጠኝ አይደለም። ብትሰድበኝም፣ ዝም ብትለኝም ተቀብዬ እመለሳለሁ። የአውቶብስ ትኬት ለመቁረጥ ተነሥቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩና ይህን ጻፍኩ። እባክዎን ይጠይቁልኝ፤ ልምጣ ወይ?

ዋሲሁን


ሀዋሳ፣ ሰኔ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ ዋሲሁን፣

ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ፤ ዛሬ ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶት ስለነበር እስኪቀልላት ጠበቅኩ። ብትከሳም ፊቷ ደህና ነው። ከጻፍክልኝ ውስጥ ስለ እሷ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩላት። የተዘረጋውን ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቦታው መለሰች፣ ባንኮኒውን ጠረገች። ከዚያ መጠየቅህ ጥሩ መሆኑን እንድነግርህ አዘዘችኝ።

«ግን አይምጣ» አለች።

ስለዚህ ልጄ፣ አትምጣ።

አክስትህ ብርቅዬ